ሦስቱ ካሜራዎች ከቡፌው ሲወጡ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የእኛም ቤት ከሚነሱት አንዱ ነበር። እማዬ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሦስት ቀን አብሬያት ዋልኩ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ረከቦቱ፣ ድስቱ ሁሉ ቦታ ተገኘለት። ቡፌው ግን አልሆነም። የምትገባበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ቡፌውን በክንዳቸው ለክተው "አይገባም" አሉ። እማዬ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ መስታወቱን ከፈተችና ብርጭቆዎቹን በካርቶን ደረደረች፣ ካሜራዎቹን ለእኔ ሰጠችኝ።

"እነዚህን አንተ ውሰዳቸው" አለችኝ። "እኔ እዚያ የት አደርጋቸዋለሁ?"

እኔም የት እንደማደርጋቸው አላውቅም ነበር። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት። ቡፌ የለኝም። ሦስቱንም በእማዬ ነጠላ ጠቅልዬ፣ በዘንቢል አድርጌ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋብኝ ፈርቼ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ካሜራ እንዳለ ስለማውቅ ነው። የአባት፣ የአጎት፣ ከውጭ መጥቶ የሄደ ዘመድ የተወው። ለመጣል አንጀት አይሰጥም። የሚሠራበትም የለም። ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። "ምን ላድርገው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እኔም ጥያቄውን ሁለት ዓመት ያህል ይዤው ዞሬያለሁ።

አባዬ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል። ቤቱ የሱ አልነበረም፣ ተቀጣሪ ነበር። መጀመሪያ አጣቢ ነበር፣ ኋላ አንሺ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ሁሌ ቡናማ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ነው፣ በሳሙና አይለቅም። ልጅ ሆኜ ጨለማው ክፍል አንዳንዴ ያስገባኝ ነበር። ቀይ አምፖል ይበራል። ነጭ ወረቀት ሳፋው ውስጥ ይነከራል። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ መጀመሪያ ፀጉር ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅንድብና ዓይን፣ ፊቱ በመጨረሻ ይሞላል። ለምን ፀጉር እንደሚቀድም ያኔ አልገባኝም ነበር። ጥቁር የሚሆነው ቦታ ብርሃን የበዛበት ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ፒያሳና ፎቶ የቆየ ዝምድና አላቸው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ይዘው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆነዋል። አባዬ ስማቸውን የሚጠራው እንደ ቄስ የቀደሙ መምህራንን ሲጠራ ነበር። እሱ ራሱ ንጉሥ አላነሳም። የሱ ደንበኞች ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለሥራ ቅጥር ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ሲደላቸው ደግሞ ሙሉ ፎቶ። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት ሸራ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቀይ የቤት ስልክ ነበር። ገጠር ላለች እናቱ የሚልክ ወጣት ያንን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ይነሳ ነበር።

አባዬ ከማንሳቱ በፊት ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚለው። "አገጭ ዝቅ። ትንፋሽ ያዝ።" ከዚያ ቁጥር ይሰጣል። ትንሽ ወረቀት ከሁለት ቀዶ ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ግማሹ ለደንበኛው ነው፣ ግማሹ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የሚወጣበት የታጠበ ፊልም፣ ያለበት ፖስታ ላይ ይጣበቃል። ቁጥር ያልያዘ ፎቶ አይወስድም።

ካሜራዎቹን አንድ በአንድ ላስተዋውቃችሁ።

ትልቁ ያሺካ ማት 124 ጂ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 የተሠራ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ። የላይኛው ሌንስ ለማያ ነው፣ የታችኛው ለማንሻ። 120 የሚባለውን ሰፊ ፊልም ይወስዳል፣ በአንዱ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ። ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል ነው፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር። የሚታየው ከላይ ወደ ታች ነው፣ አንገት ደፍቶ። ፎቶ ቤቱ አዲስ ካሜራ ሲገዛ አሮጌውን ለአባዬ ሸጡለት። ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ከፍሎታል።

ሁለተኛው ዜኒት ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ የተሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ልጆች ብዙዎቹ ይህንን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የመጡት። አባዬም የገዛው ከአንዱ ነው። ክብደቱ ከሌንሱ ጋር አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ አይፈልግም። ሲነሳ ድምፁ ጧ! ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሆንም።

ሦስተኛው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ነው። ትንሽ ናት፣ እማዬ ለበዓልና ለልደት የምታነሳባት። ሌንሷ ዙሪያ እንደ ማር እንጀራ የሚመስል መስታወት አለ። ብርሃን ለክታ ራሷ ታስተካክላለች። ብርሃን ካነሰ ማያዋ ውስጥ ቀይ ምላስ ብቅ ይልና አላነሳም ትላለች። እኔ ካሜራ የለመድኩት በሷ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት መሸጥ ነበር። አልዋሽም፣ የቤት ኪራይ የሚጨምርበት ወር ነበር። ዜኒቱን ይዤ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ አገላበጠው፣ ማንሻውን አልነካም፣ ሌንሱን አላየም። "ለዲኮር ይሆናል" አለኝ። የጠራው ዋጋ የሁለት ሰው ምሳ አይሞላም። ያስከፋኝ ግን ዋጋው አልነበረም፣ "ለዲኮር" የምትለዋ ቃል ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ። አንድ ካፌ ገብቼ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ካሜራዎች አየሁ። አምስት ነበሩ። አንዱ ያሺካ ነው። የታችኛው ሌንሱ ወጥቶ በቦታው አምፖል ገብቶበታል። ሽቦ እንዲያልፍ ጀርባው ተበስቷል። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ካፌውን ልወቅስ አይደለም፣ ሰውየው ያረጀ ዕቃ ወዶ ነው የሰቀለው። ግን ያ ካሜራ አልሞተም ነበር። የገደሉት አምፖል ሊያደርጉት ሲሉ ነው። ምናለሽ ተራ ብትወስዱት ቢያንስ አንድ ሰው ፈትቶ ብሎኑን ለሌላ ካሜራ ያውለዋል። ለቆራሌው መስጠት ራሱ ከዚያ ይሻላል ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ሐሳቤ ሙዚየም ነበር። በቤተ መዛግብት ሥራ ላይ የቆየ ጓደኛ አለኝ፣ እሱን አማከርኩት። እንዲህ አለኝ። "ዜኒት በሚሊዮን ተሠርቷል። አንዱ ቢጠፋ ሌላ አለ። አባትህ ያነሱት ኔጋቲቭ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱ የት አለ?"

የት እንዳለ አውቅ ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ እማዬ አልጋ ሥር። አምጥቼ ስከፍተው ኮምጣጤ ሸተተኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አባዬ የመጣ መሰለኝ። ጓደኛዬ ግን ፊቱ ተለወጠ። የዱሮ ፊልም መበላሸት ሲጀምር ኮምጣጤ ይሸታል። ፕላስቲኩ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ነው። ቆርቆሮው ግጥም ብሎ ሲዘጋ ሽታው መውጫ ያጣል፣ አንዱ ፊልም ሌላውን ያበላሻል። እንግዲህ ስለ ካሜራ ከማሰባችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ኔጋቲቭ ካላችሁ ከቆርቆሮና ከፌስታል አውጡት። የሸተተውን ለይታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ጤነኛውን በወረቀት ፖስታ፣ አየር በሚገባው ካርቶን፣ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቦታ አድርጉት። ፊቱን በጣት አትንኩት፣ በጠርዙ ያዙት።

ቆርቆሮው ውስጥ የእኛ ቤተሰብ ፎቶ ይኖራል ብዬ ነበር። ጥቂት ብቻ ነው ያለው። የቀረው የማናውቃቸው ሰዎች ነው። በትንንሽ ፖስታ፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። አባዬ ወረቀቱን ያልመለሱለት፣ ተነስተው ለመውሰድ ሳይመጡ የቀሩ ደንበኞች ናቸው። ገንዘብ ያጠራቸው ይኖራሉ፣ አገር የለወጡ፣ የታሰሩ፣ የዘመቱ። አባዬ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ይህን ይዞ ወደ ቤት መጣ። ለምን እንደሆነ ነግሮን አያውቅም። እኔ የሚመስለኝ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ አንድ ቀን ይመጣሉ ብሎ ነው።

ኔጋቲቮቹን በስልኬ አነሳኋቸው። ሌላ ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ከፍቼ በላዩ ሳስቀምጣቸው ከሥር ያበራል። ቀለሙን ስልኩ ይገለብጠዋል፣ የሰው ፊት ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ግን አልለጠፍኩም። ፊታቸው የነሱ ነው። ይልቅ የአባዬን የሥራ ባልደረባ ፈልጌ አገኘሁ። እኛ ቤት ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን ፊት አይረሱም። አንዱን አይተው "ይህች የዳቦ ቤቱ ልጅ ናት" አሉኝ። አሁን ልጅ አይደለችም፣ የልጅ ልጅ አላት። ወስጄ ሰጠኋት። በ14 ዓመቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ የተነሳችው ነው። ብዙ አልተናገረችም። ፎቶውን ጡቷ ሥር አድርጋ በእጇ ሸፈነችው።

እንግዲህ ወደ ካሜራዎቹ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር አባዬ ዕቃውን የያዘው ለመታሰቢያ አለመሆኑ ነው። ለሥራ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሜራ የሚሠራበት እጅ መፈለግ አለብኝ አልኩ። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ የሚሠራውን ከማይሠራው መለየት ነበረብኝ።

አሮጌ ካሜራ እጃችሁ ሲገባ ዘላችሁ ጀርባውን አትክፈቱ። ውስጡ ፊልም ሊኖር ይችላል። ፊልሙን ወደኋላ የሚመልሰውን ማጠንጠኛ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። በነፃ ከዞረ ባዶ ነው። ከጠበቀባችሁ ፊልም አለው፣ ተዉት። አባዬ ፊልም ትቶ አይሄድም፣ የሱ ሁሉ ባዶ ነበር። ቀጥሎ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙራችሁ በውስጡ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የቆዳ ማኅደሩ ነው። ለክብሩ ብለን ማኅደሩ ውስጥ እንዘጋዋለን፣ ቆዳው የክረምቱን እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታው ይበላዋል። ማኅደሩን ለብቻው፣ ካሜራውን ለብቻው አስቀምጡ። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፣ ለዚህ ትሆናለች። የባትሪ ቤቱንም ክፈቱ። አረንጓዴ ነገር ካለ ባትሪው ፈስሷል።

ከዚያ ጆሮ ነው። ያሺካውን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጌ ማንሻውን ስጫን ዝዝዝ ማለት ነበረበት። ውስጡ እንደ ሰዓት ጥርሶች አሉ። እሱ ግን ዝ... ብሎ ቆመ። ቅባቱ ደርቋል። እኔ ደግሞ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ትልቅ ስህተት ነው። ዘይቱ ተንሸራቶ ብርሃን ከፍተው የሚዘጉት ስስ የሻተር ቢላዎች ላይ ገባ፣ ጭራሽ ተጣበቁ። እንቅልፍ አጣሁ። ጋሼ ናቸው ያዳኑልኝ። የዓይን መነጽራቸው ላይ ሌላ ማጉሊያ ደርበው፣ የፊት ሽፋኑን ፈትተው፣ በላይተር ቤንዚን ሦስት ጊዜ አጠቡት። "ካሜራ ቅባት አይጠጣም" አሉኝ። ሲጨርሱ አንድ ሰከንዱ ላይ አድርገው ጆሮዬ ሥር ያዙት። ዝዝዝዝ፣ ትክ። ያ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ብርሃን መለኪያው ዱሮ በሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚሠራው፣ ያ ባትሪ ቆሟል። ካሜራው ግን ያለሱም ያነሳል። ለብርሃኑ የስልክ መለኪያ ይበቃል።

ትሪፗ ጀርባዋ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኖ ነበር። ጠርጌ አወጣሁትና እማዬ ዳንቴል ከምትሠራበት ዘንቢል ጥቁር የሱፍ ክር ወስጄ በቦይው ውስጥ አስገባሁበት። ብርሃን አያስገባም። ሌንሷን በመዳፌ ስከድን ቀዩ ምላስ ብቅ አለ። ከአርባ ዓመት በኋላ! ዜኒቱ ደግሞ ምንም አልሆነም። ጀርባውን ከፍቼ ወደ ሰማይ አዙሬ ብተኩሰው በሰከንድ 30ኛ ክፍልፋይም በ500ኛውም ብርሃን ያሳልፋል።

አንዳንድ ሰው ገላው የተበላሸ ዜኒት ይዞ ይመጣል። ሌንሱን አትጣሉት። ሄሊዮስ 44 የሚባለው 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ በርካሽ ማያያዣ አዲስ ዲጂታል ካሜራ ላይ ይገጥማል። ከሰውየው ጀርባ ያለው ቅጠል ዙሪያውን የሚሽከረከር ያስመስለዋል። ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች ይወዱታል። ሌንሱ ሌላ ገላ ላይ ቢሠራ ምን ክፋት አለው?

ፊልም ማግኘት ግን ከባድ ነው፣ አልደብቅም። የእኔ የመጣው ከውጭ ከገባ ዘመድ ጋር ነው። በፍተሻ ማሽን እንዳያልፍ በእጅ እንዲታይለት አደራ ብዬ። ዋጋው ውድ ነው። "ፊልም እኮ ሞቷል" የሚሉኝ አሉ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪሳራ ሲያውጅ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ፊልም ማምረቱ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፔንታክስ በፊልም የሚሠራ አዲስ ካሜራ አውጥቷል።

ማጠቡን ቤቴ ነው የሠራሁት። በቡና። የምሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ፣ የሮችስተር የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የሆነው ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቹ ቡና ፊልም እንደሚያጥብ አሳዩ። ሥራውን የሚሠራው ካፌኑ አይደለም፣ ቡናው ውስጥ ያለ ሌላ አሲድ ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 54 ግራም የማጠቢያ ሶዳ። የማጠቢያ ሶዳ ስላላገኘሁ ቤኪንግ ሶዳ ምጣድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆላሁ፣ እርጥበቱና ጋዙ ሲወጣ ወደዚያ ይለወጣል። 20 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ። አዲስ አበባ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፣ ማሞቅም ማቀዝቀዝም ብዙ አያስፈልግም። መጀመሪያ በራሳችን የጀበና ቡና ሞክሬ ነበር። ወፍራም አድርጌ አፍልቼ። ፊልሙ ገረጣ። የኛ አረቢካ ያ አሲድ ከሮቡስታ ያነሰ ስላለው ነው። ለመጠጥ ግን እሱን የሚያህል የለም።

ማታ ላይ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩ ሥር ጋቢ ወትፌ፣ በዳበሳ ፊልሙን የአባዬ ጥቁር የፊልም ማጠቢያ ታንክ ውስጥ ጠቀለልኩት። ሽታው ይከብዳል፣ ቡናው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የቡና ነገር አይመስልም። ከዚያ ምስሉን በሚያጸናው መድኃኒት፣ በሃይፖ፣ አጠብኩት፣ ሃይፖው ከፊልሙ ጋር የመጣ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ፊልሙን ወደ አምፖሉ ሳነሳው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጥቷል። በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። በዜኒቱ ካነሳኋቸው 36 ፎቶዎች 25 ያህሉ ጥሩ ነበሩ። አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የሚሮጡ ተማሪዎች፣ የአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ተሳላሚዎች። ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አጠገብ ቆሜ ያነሳሁት አንድ ሰፊ መንገድ አለ። ቤታችን ወዴት እንደነበር በሱ ላይ ልጠቁም ሞከርኩ። አልቻልኩም። ቤታችን የነበረበትን ጎዳና አባዬ አንድም ቀን አላነሳውም፣ ሁሌ የሚያነሳው ሸራውን ነበር።

ዜኒቱ እኔ ጋ ቀረ። በወር አንድ ፊልም እሠራበታለሁ። ትሪፗን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። 15 ዓመቷ ነው። ምንም ማስተካከል አያስፈልጋትም፣ ቀይ ምላስ ካወጣች ወደ ደጅ ውጪ አልኳት፣ በቃ። በየካርቶኑ አንድ ወረቀት አደረግሁ። ማን ገዛው፣ ስንት ዓመት ሠራበት፣ ምኑ ተጠገነ፣ ምን ይጎድለዋል። እናንተም ይህን ጻፉ። እኔ የትሪፗን ታሪክ ልጽፍ ስል እማዬ ከየት እንደገዙት ረስታዋለች፣ የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነበር።

ያሺካው ቀረ። እሱን ለማን እንደምሰጥ ረዥም ጊዜ አልወሰንኩም። አንድ ቀን አራት ኪሎ በዜኒቱ ሳነሳ አንዲት ወጣት ቀረበችኝ። "ይቅርታ ጋሽ፣ ፊልም አለው?" አለች። ፎቶ አንሺ ናት፣ በተውሶ ካሜራ የጀመረች። ዋጋውን አልጠየቀችኝም፣ የሻተሩን ድምፅ ልስማው አለችኝ። ወር ሙሉ ተያየን። ያነሳቻቸውን አሳየችኝ። አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ። ሲነሱ አልፈሩም፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ያሺካውን አውጥቼ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ አንገቷን ደፍታ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። በቀኝ ያለው ነገር ማያው ላይ በግራ ይታያል። እስኪለመድ ያስቸግራል።

"ይሸጡልኛል?" አለችኝ።

"አልሸጠውም። ግን መጀመሪያ የምታነሽልኝ ሰው አለ።"

እሁድ ዕለት እማዬ ጋ ሄድን። እማዬ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችን፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ቡና ተፈላ። ልጅቷ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር አደረገች። ካሜራውን ደረቷ ላይ ይዛ አንገቷን ደፋች። ወደ አንድ ጎን ስትሄድ ምስሉ አመለጣት፣ ተመለሰች፣ እንደገና አመለጣት።

"ወደ ሌላው ነው ልጄ" አለች እማዬ። "እሱም ሲጀምር እንደዚያ ነበር።"

"እሺ እማማ። አሁን አገኘሁዎት።"

እማዬ ሳይነግሯት አገጯን ዝቅ አደረገች። ትንፋሿን ያዘች። ትክ አለ። ያሺካ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ከጎን ላለ ሰው እንኳን አይሰማም። እማዬ ግን ሰምታዋለች፣ ትከሻዋ ወረደ።

ልጅቷ መያዣውን አዙራ ፊልሙን አሳለፈች። ሁለተኛ አነሳች፣ ሦስተኛ። 12ቱን አልጨረሰችም። ዕቃዋን ስትሰበስብ እማዬ ከወንበሩ አልተነሳችም።

"ለመቼ ይደርሳል?" አለች።

"በሳምንቱ እማማ፣ አጥቤ አመጣልዎታለሁ።"

"ቁጥር አትሰጪኝም?"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። የአባዬን ወረቀት አወራት ጀመርኩ፣ ግን ሳልጨርስ ገባት። ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች። ከሁለት ከፈለችው። ሁለቱም ላይ 1 ብላ ጻፈች፣ አንዱን ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬ ወረቀቱን አጠፈችና የመቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።